ቺምፓንዚን እንዴት እንጠይቅ? የማሰብ ችሎታና የባህርይ ሙከራ ለመንደፍ ለምትፈልጉ ዝርዝር መመሪያ

በ1996 የታተመ አንድ ሙከራ አለ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ነው። ወጣት ቺምፓንዚዎች ፊት ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንደኛው እንስሳውን ያያል። ሌላኛው ጭንቅላቱ ላይ ባልዲ ደፍቷል። ቺምፓንዚዎቹ ምግብ ለመለመን እጃቸውን ዘረጉ፤ ወደሚያየውም፣ ባልዲ ወደደፋውም፣ ሳይለዩ። ሙከራውን የሰሩት ዳንኤል ፖቪኔሊና ቲሞቲ ኤዲ ይህን አይተው ቺምፓንዚ "ማየት" ምን እንደሆነ አይገባው ይሆናል ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ።

አራት ዓመት ቆይቶ ብሪያን ሄር ከጆሴፕ ካልና ከማይክል ቶማሴሎ ጋር ሆኖ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ጠየቀ። ሰዎቹን አስወጡና በቦታቸው ሁለት ቺምፓንዚዎች አስገቡ። አንዱ ጉልበተኛ ነው፣ ሌላው እሱን የሚፈራ። መሃል ባለው ክፍል ሁለት ቁራሽ ምግብ ተቀመጠ። አንደኛው ለሁለቱም ይታያል። ሁለተኛው ከመከለያ ጀርባ ስለሆነ የሚታየው ለሚፈራው ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ፈሪው ብዙውን ጊዜ ያነሳው ጉልበተኛው የማያየውን ቁራሽ ነበር።

እንስሳው ያው ቺምፓንዚ ነው። የተለወጠው አጠያየቁ ነው። ቺምፓንዚ ሲያድግ ባልዲ የደፋን ሰው አይለምንም። ከጉልበተኛ ዓይን ምግብ ማሸሽ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚኖረው ኑሮ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሥነ ሕይወት ወይም ሥነ ልቦና ለምታጠኑ፣ የምርቃት ወይም የማስተርስ ጥናት ለምታስቡ፣ ወይም ደግሞ ነገሩ ዝም ብሎ ለሚስባችሁ። ቺምፓንዚ ላይ ከዚህ በኋላ የሚሰራው ሙከራ ምን መምሰል እንዳለበት ከጥያቄው ጀምረን እስከ መጨረሻው የማስታወሻ ገጽ እንሂድበት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአማርኛ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛ፣ ጭላዳ አለን። ቺምፓንዚ በሀገራችን ጫካ ስለማይኖር የራሳችን ስም አላወጣንለትም። ብዙ ሰው "ዝንጀሮ" እያለ ያልፈዋል። እባካችሁ እንደሱ አትጻፉ። ቺምፓንዚ ጭራ የለውም፣ በዝምድናም ከዝንጀሮ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከእንስሳው ኑሮ አውጡ

"ቺምፓንዚ ብልህ ነው ወይ?" ብላችሁ አትነሱ። መልስ የለውም። "ቺምፓንዚ ከኩባያ ስር የተደበቀ ወይን 30 ሰከንድ ቆይቶ ያስታውሳል ወይ?" ግን መልስ አለው።

ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከስሩ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ "ይህ ችሎታ ለቺምፓንዚ በዕለት ኑሮው የሚጠቅመው መቼ ነው?" ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አልመጣ ካላችሁ ጥያቄያችሁ ገና አልበሰለም።

መነሻ የሚሆኗችሁን ነገሮች ልዘርዝር። የት የትኛው ዛፍ እንዳፈራ ማስታወስ። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ማወቅ። ጉልበተኛው ዞር እስኪል መጠበቅ። ምስጥ በእንጨት ማውጣት፤ ጄን ጉዳል በ1960 ታንዛኒያ፣ ጎምቤ ውስጥ ያየችው ይህን ነው። በሌሊት ጎጆ መስራት፣ የጎረቤት መንጋ ድምፅ ሲሰማ መሸሽ ወይም መግጠም። ከእነዚህ አንዱን ይዛችሁ ከተነሳችሁ መንገዱ ግማሽ አለቀ።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

ሦስት ዓይነት ቦታ አለ፦ የእንስሳት ማቆያ፣ መጠለያና ጫካ። ድሮ አራተኛም ነበር፣ ላብራቶሪ። አሜሪካ ውስጥ ያ በር እየተዘጋ ነው። በ2015 የሀገሪቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በሰው እጅ ያሉትንም ቺምፓንዚዎች ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገባ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የጤና ተቋሙ በህክምና ምርምር ቺምፓንዚ መጠቀም አቆመ። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ወደፊት የሚሰራው ሙከራ እንስሳው ፈልጎ የሚመጣበት መሆን አለበት።

የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ቁጥጥሩ ጥሩ ነው። ጀርመን ላይፕሲግ ያለው ፖንጎላንድ በ2001 ሲከፈት ጎብኚም ተመራማሪም እንዲያስተናግድ ሆኖ ነው የተሰራው። ችግሩ እንስሳቱ ጥቂት መሆናቸው ነው። ብዙዎቹም ለዓመታት ሙከራ ሲሰሩ ስለኖሩ የለመዱትን ከማያውቁት መለየት ይከብዳል።

መጠለያ ለኔ ምርጡ ነው። ዩጋንዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለችውን የንጋምባ ደሴት ውሰዱ። በ1998 የተቋቋመች፣ 40 ሄክታር ገደማ ጫካ ያላት፣ ከአዳኝና ከነጋዴ እጅ የተረፉ 50 ያህል ቺምፓንዚዎች የሚኖሩባት ደሴት ናት። ቀን ጫካ ውስጥ ይውላሉ፣ ማታ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ሙከራው የሚሰራው በሚገቡበት ክፍል ነው። አሊሺያ ሜሊስና ባልደረቦቿ በ2006 ያወጡት ጥናት የተሰራው እዚያ ነው። ቺምፓንዚው ምግብ የተቀመጠበትን ጣውላ ብቻውን መጎተት ሲያቅተው ሄዶ ለጓደኛው በር ይከፍታል። ሁለት ጓደኛ ሲቀርብለት ደግሞ ቀደም ብሎ አብሮት በደንብ የሰራውን ይመርጣል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪም ከጀርመኑ ላይፕሲግና ከጃፓኑ ኪዮቶ ይልቅ ለደሴቷ ቅርብ የሆነችው የዩጋንዳ ከተማ ኢንቴቤ ትቀርባለች። ይህን ልብ በሉ።

ጫካው የራሱ ጣጣ ስላለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 3፦ ከተንከባካቢዎቹ ጋር ተቀመጡ፣ ጤናውን አስቀድሙ

አዲስ ሰው መሳሪያውን ይዞ ይመጣና ቀጥታ ወደ ሙከራ ይገባል። ስህተት ነው። እንስሳቱን የሚያውቁት በየቀኑ የሚያበሏቸው ሰዎች ናቸው። ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ጠዋት እንደሚነጫነጭ፣ ማን ሙዝ ትቶ ወይን እንደሚወድ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከእነሱ ጋር ዋሉ፣ ጠይቁ፣ ጻፉ። ስማቸውም ጥናቱ ላይ ይግባ።

ፈቃድ ከሀገሩ መንግሥት፣ ከመጠለያው፣ ከራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስፈልጋል። ወራት ይወስዳል። ቀድማችሁ ጀምሩ።

ሦስት የማይታለፉ ሕጎች አሉ። አንድ፣ እንስሳው ለሙከራ ተብሎ ምግብም ውሃም አይከለከልም። ሽልማቱ ከዕለት ምግቡ በላይ የሚሰጥ ጣፋጭ ነው። ሁለት፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሲሰለቸው ይሄዳል። ሦስት፣ ያመመው ሰው አይገባም። ጉንፋን እንኳን ቢሆን።

ሦስተኛውን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። በኮትዲቯር ታይ ጫካ ቺምፓንዚዎች በመተንፈሻ በሽታ ሞተው ሲመረመሩ የተገኙት ቫይረሶች የሰው ነበሩ፤ ጥናቱ በ2008 ታትሟል። እኛን ለሦስት ቀን አስነጥሶን የሚያልፈው ነገር እነሱን ይገድላል። ስለዚህ ክትባት፣ ጭምብል፣ ከውጭ ሀገር ለሚመጣ ሰው ለብቻ የመቆያ ቀናት፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 7 ሜትር ርቀት። አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ።

ደረጃ 4፦ መሳሪያውን አቅልሉ፣ ከዚያ ራሳችሁን ተጠራጠሩ

በጣም ቀላሉን የኩባያ ሙከራ ይዘን ጠጋ ብለን እንየው።

የሚያስፈልገው አንድ ተንሸራታች ሰሌዳ፣ ሁለት የማያሳዩ ኩባያዎች፣ ወይን፣ ካሜራ። ቺምፓንዚው ከፍርግርግ ወይም ከመስታወት ማዶ ይቀመጣል። ወይኑን ያሳዩታል፣ አንዱ ኩባያ ስር ይደብቁታል፣ ይጠብቃሉ፣ ሰሌዳውን ወደሱ ያንሸራትታሉ። በጣቱ የነካው ኩባያ ይነሳል። አለቀ።

አላለቀም። ጣጣው አሁን ነው የሚጀምረው።

ቀኝ ጎን መንካት የለመደ ቺምፓንዚ ምንም ሳያስታውስ ግማሹን ያገኛል። ስለዚህ ወይኑ እኩል ጊዜ በቀኝ፣ እኩል ጊዜ በግራ ይደበቅ። በአንድ ጎን ከሁለት ጊዜ በላይ በተከታታይ አይሁን። ቅደም ተከተሉን ቤት ሆናችሁ ወረቀት ላይ አውጡት፣ እዚያ ደርሳችሁ ከራሳችሁ አትፍጠሩ።

ሽታውስ? ሁለቱንም ኩባያ በወይን አሹ። እየመላለሳችሁ ደግሞ ሲደበቅ ያላየበትን ዙር ጨምሩ። ሳያይም የሚያገኘው ከሆነ በማስታወስ አይደለም፣ በአፍንጫው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሰው ፊት ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሒሳብ የሚሰራ የተባለ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ተጠየቀ፣ በኮቴው እየመታ መልሱን ቆጠረ፣ ሰው ጉድ አለ። ኦስካር ፉንግስት በ1907 ሲመረምረው ፈረሱ የሚያነበው የጠያቂውን ገጽታ ሆኖ ተገኘ። መልሱ ጋ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ጭንቅላቱ በትንሹ ይነቃነቃል፣ ፈረሱ ያቆማል። ፈረስ እንዲህ ካነበበን ቺምፓንዚ ምን ያህል እንደሚያነበን አስቡት። መፍትሔው ሰሌዳውን የሚያንሸራትተው ሰው ወይኑ የት እንዳለ እንዳያውቅ ማድረግ ነው። ካልተቻለ ወደ ታች ይይ፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ወይም ጀርባውን ይስጥ።

የመሳሪያው ትንሽ ለውጥ ምን ያህል ውጤት እንደሚገለብጥ ለማየት የደግነት ሙከራዎችን እዩ። ጆአን ሲልክና ባልደረቦቿ በ2005 ባወጡት ጥናት ቺምፓንዚዎች ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ጓደኛቸውን መመገብ እየቻሉ ግድ አልሰጣቸውም። በ2011 ቪክቶሪያ ሆርነርና ባልደረቦቿ ባለ ሁለት ቀለም ቁራጮችን ሰጧቸው። አንዱን ቀለም መልሶ የሰጠ ብቻውን ይበላል፣ ሌላውን የሰጠ ጓደኛውም ይበላል። ሽልማቱ ሲፈታ የሚንኮሻኮሽ ወረቀት ውስጥ ስለተጠቀለለ ጓደኛው መብላቱን ሁሉም ይሰማል። በዚህኛው ሙከራ ጓደኛን የሚያበላውን ቀለም አዘውትረው መረጡ። ልዩነቱ ከእንስሳቱ ይሁን ከመሳሪያው ክርክሩ አልተዘጋም። ሁለቱንም መሳሪያ በአንድ መንጋ ላይ መሞከር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ሥራ አለ።

ደረጃ 5፦ ቀላሉን ማብራሪያ ራሳችሁ ጻፉ

ውጤቱ አምሮ ሲመጣ ደስታው ያሸውዳል። ስለዚህ ሙከራው ሳይጀመር ወረቀት ውሰዱና "ይህን ችሎታ ሳይኖረውም ፈተናውን ሊያልፍ የሚችልበት መንገድ" ብላችሁ ጻፉ። አምስት መንገድ ፈልጉ። ለእያንዳንዱ መዝጊያ ዙር፣ ማለትም ያንን መንገድ የሚዘጋ ሙከራ፣ ይኑራችሁ።

ይህን ካስተማሩኝ ሙከራዎች የምወደው የዓይን ክትትሉ ነው። ጥያቄው ከባድ ነበር፦ ቺምፓንዚ ሌላው ሰው የተሳሳተ እምነት እንዳለው ይገባዋል ወይ? በ1978 ዴቪድ ፕሪማክና ጋይ ውድረፍ ቺምፓንዚ የሌላውን ሐሳብ ይረዳል ወይ ብለው ከጠየቁ ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነው። በ2016 ክሪስቶፈር ክሩፔንዬ፣ ፉሚሂሮ ካኖና ባልደረቦቻቸው ቪዲዮ ሰሩ። የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ሌላውን ይመታና ከሁለት የሣር ክምር በአንዱ ይደበቃል። የተመታው ዱላ ለማምጣት በር ዘግቶ ይሄዳል። በዚህ መሃል ተደባዳቢው ቦታ ይቀይርና ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል። ሰውየው ዱላውን ይዞ ይመለሳል።

ቺምፓንዚዎቹ፣ እንዲሁም ዘመዶቻቸው ቦኖቦዎቹና ኦራንጉታኖቹ ከቱቦ ጭማቂ እየመጠጡ ይህን ያያሉ። ጭማቂው ጭንቅላታቸውን ያረጋጋዋል፣ ካሜራው ዓይናቸውን ይከተላል። ማሰሪያ የለም፣ ስልጠና የለም። ሰውየው ክምሩን ከመምታቱ በፊት ብዙዎቹ ቀድመው ያዩት እሱ "እዚህ ነው" ብሎ የሚያምንበትን ክምር ነበር፣ ተደባዳቢው እዚያ ባይኖርም።

ተጠራጣሪዎች ዝም አላሉም። እንስሳው የሰውየውን ሐሳብ ሳይረዳ "ሰው መጨረሻ ወዳየበት ይሄዳል" የሚል ልማድ ይዞ ይሆናል አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2019 ካኖና ባልደረቦቹ መልስ ይዘው መጡ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ዓይነት የሆነ መጋረጃ ነበር። ለአንዳንዶቹ እንስሳት ቀርበው ሲሞክሩት የሚያሳይ፣ ለሌሎቹ የማያሳይ ሆኖ ቀረበላቸው። ከዚያ ቪዲዮው ላይ ሰውየው ከዚያው መጋረጃ ጀርባ ሆነ። መጋረጃው እንደማያሳይ በራሳቸው ዓይን ያወቁት ናቸው የሰውየውን ስህተት የገመቱት። ሰውየው ምን እንዳየ ለማወቅ የራሳቸውን ልምድ ተጠቀሙ ማለት ነው። የመዝጊያ ዙር ሲባል እንዲህ ነው።

ደረጃ 6፦ ስንት እንስሳ፣ ስንት ዙር?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በሁለት ኩባያ 12 ዙር ሰራችሁ እንበል። በግምት ብቻ የሚነካ እንስሳ 10 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 2 በመቶ አይሞላም። 9 ወይም ከዚያ በላይ ግን 7 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ያገኘውን "አለፈ" አትበሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። 20 ቺምፓንዚ ፈትናችሁ አንዱ ብቻ 10 ቢያገኝ "አንድ ሊቅ አገኘን" ማለት ያምራል። ግን ሃያውም በግምት ቢነኩ እንኳን ቢያንስ አንዱ 10 የማግኘት ዕድሉ 30 በመቶ ያልፋል። ያንን እንስሳ በሌላ ቀን እንደገና ፈትኑት።

አንድ ተቋም ብቻውን በቂ እንስሳ የለውም። የሚቀጥለው ዘመን ሥራ የጋራ ነው የምለውም ለዚህ ነው። "መኒ ፕራይሜትስ" የሚባለው የተመራማሪዎች ትብብር በ2019 የመጀመሪያውን ጥናት ሲያወጣ ከ11 ቦታ 176 እንስሳት፣ 12 ዝርያዎች ነበሩት። ፈተናው ሦስት ኩባያ፣ ቆይታው ዜሮ፣ 15 ወይም 30 ሰከንድ። ቀላል መሆኑ ነው ጥንካሬው። ኩባያና ሰሌዳ ያለው ሁሉ ሊገባበት ይችላል።

ሌላው መንገድ ያንኑ እንስሳ ደጋግሞ መፈተን ነው። ላይፕሲግ ውስጥ ማኑኤል ቦንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ፈተናዎች በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ተኩል መላልሰው ሰጡ። ዛሬ የወደቀ ከሦስት ወር በኋላስ? ከመንጋው አንዱ ሁልጊዜ የሚቀድም ከሆነ ለምን? አንድ ቀን የተለካን ነገር "የቺምፓንዚ ችሎታ" ብሎ መጻፍ ይብቃን።

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት መላምታችሁን፣ የዙሩን ቁጥርና የምትጠቀሙበትን ስሌት በይፋ መመዝገቢያ ላይ አስመዝግቡ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ጥያቄውን እንዳትቀይሩ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 7፦ ከሰው ጋር ካወዳደራችሁ እኩል አወዳድሩ

ጃፓን ኢኑያማ ውስጥ ተትሱሮ ማትሱዛዋ አይ የምትባል ቺምፓንዚን ቁጥር አስተማረ። ልጇ አዩሙ በ2000 ተወለደ። በ2007 ሳና ኢኖዌና ማትሱዛዋ ያወጡት ውጤት ዓለምን አነጋገረ። አምስት ቁጥሮች ስክሪን ላይ ለ210 ሚሊሰከንድ ብልጭ ይሉና ነጭ ሳጥን ይሸፍናቸዋል፤ አዩሙ በቅደም ተከተል ይነካቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በለጠ።

ግን አዩሙ ብዙ ልምምድ ነበረው፣ ተማሪዎቹ አልነበራቸውም። በ2009 ሌሎች ተመራማሪዎች ሰዎች በደንብ ተለማምደው እንዲፈተኑ አደረጉ። ሰዎቹም ደረሱበት። አዩሙ የሰራው ነገር አሁንም ድንቅ ነው። "ከሰው ይበልጣል" የሚለው ዜና ግን በዚያ ሙከራ አልተረጋገጠም ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። ዴቪድ ሌቨንስና ባልደረቦቹ ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ ትክክል ይመስለኛል፦ ሕፃኑ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በራሱ ዝርያ ሰው፣ ያለ ፍርግርግ ይፈተናል። ቺምፓንዚው ከብረት ማዶ፣ በሌላ ዝርያ ሰው። ከዚያ "ሕፃኑ በለጠ" ይባላል። በ2007 የእስተር ሄርማን ቡድን 106 ቺምፓንዚ፣ 32 ኦራንጉታንና 105 የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃናትን አወዳድሮ ነበር። ስለ ዕቃ፣ ስለ ቦታና ስለ ብዛት በሚጠይቁት ፈተናዎች ቺምፓንዚዎቹ ከሕፃናቱ ጋር ተቀራረቡ፣ ከሰው በሚማሩበት ክፍል ወደቁ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን አስተማሪው ቺምፓንዚ ቢሆንስ ብሎ መጠየቅ የናንተ ፈንታ ነው።

ደረጃ 8፦ ጫካ ውስጥ ከገባችሁ ትንሽ ነገር አድርጉ፣ ብዙ ተመልከቱ

የጫካ ሙከራ ውበቱ እንስሳው በራሱ ዓለም መልስ መስጠቱ ነው። የቲቦ ግሩበር ቡድን በ2009 ያሳየውን እወደዋለሁ። ግንድ ላይ ቀዳዳ ሰርቶ ማር አደረገበት፣ በሁለት የዩጋንዳ ጫካዎች። የኪባሌዎቹ እንጨት አምጥተው እየነከሩ ላሱ። እንጨት መጠቀም የማያዘወትሩት የቡዶንጎዎቹ በጣታቸው ሞከሩ፣ አንዳንዶቹም ቅጠል አኝከው እንደ ስፖንጅ ነከሩት። ማሩ ያው፣ ቀዳዳው ያው፣ የለመዱት ነገር ግን የተለያየ።

ካትሪን ክሮክፎርድና ባልደረቦቿ በ2012 ባወጡት ጥናት ቡዶንጎ ውስጥ ሰው ሰራሽ እባብ መንገድ ላይ አስቀመጡ። ያየው ቺምፓንዚ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል። ይበልጥ የሚያሰማው ግን አጠገቡ ያለው ስለ እባቡ ገና ያልሰማ ሲሆን ነው።

ጊኒ ውስጥ ደግሞ ትልቅ እንቆቅልሽ አለ። ቦሱ ያሉት ቺምፓንዚዎች የዘንባባ ፍሬ በድንጋይ ይሰብራሉ። ካተሊን ኮፕስና ባልደረቦቿ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ለሚኖሩት ለሴሪንግባራዎቹ ፍሬና ድንጋይ አቀረቡላቸው። በ2022 ውጤቱ ታተመ፤ አንዱም አልሰበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛምቢያ ቺምፉንሺ መጠለያ ውስጥ ኤድዊን ቫን ሊዌን 66 ቺምፓንዚዎች ፊት ባለ ብዙ ደረጃ ሳጥን ለሦስት ወር አስቀመጠ። ማንም አልፈታውም። ከየመንጋው አንድ አንድ እንስሳ ሲሰለጥን ግን 14 ሌሎች አይተው ተማሩ። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ አንብቧቸው። አንዱ ጥያቄውን ከጫካ ያነሳል፣ ሌላው በመጠለያ ያጠብቀዋል። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ጥንድ ሥራ በብዛት ማየት እፈልጋለሁ።

ጥንቃቄውን አትርሱ። ጫካ ውስጥ ያስገባችሁት አዲስ ነገር እናንተ ከሄዳችሁም በኋላ በመንጋው ሊቀጥል ይችላል። ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ምግብ አታስገቡ። እንስሳቱ ሰው ምግብ ያመጣል ብለው እንዳይለምዱ አድርጉ፣ እርሻ መዳፈር የሚጀምሩት እንዲህ ነውና።

ደረጃ 9፦ ከክፍት ጥያቄዎች አንዱን ያዙ

እኔን ከሚያጓጉኝ ውስጥ ጥቂቱን ልንገራችሁ።

*ማስረጃ ማመዛዘን።* በ2025 ከንጋምባ የወጣው ሥራ ይህን ከፍቶታል። ሁለት ሳጥን አለ፣ ምግቡ በአንዱ ነው። መጀመሪያ ደካማ ምልክት ይሰጣል፣ ለምሳሌ ሳጥኑ ሲነቀነቅ ድምፅ ያሰማል። ቀጥሎ ስለ ሌላኛው ሳጥን ጠንካራ ምልክት ይመጣል፣ ምግቡ ራሱ ይታያል። ቺምፓንዚዎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ጠንካራው ቀድሞ ሲመጣ ግን ጸኑ። የሚቀጥለው ጥያቄ ምልክቱን የሚሰጠው ሌላ ቺምፓንዚ ሲሆን ምን ይሆናል የሚል ነው። ሁልጊዜ የሚያታልለውን ይለዩታል ወይ?

*የረጅም ጊዜ ትዝታ።* በ2023 በወጣ ጥናት ቺምፓንዚዎችና ቦኖቦዎች ጎን ለጎን በቀረቡ ሁለት ፎቶዎች መካከል ድሮ አብሯቸው የኖረውን ከማያውቁት ይልቅ ረጅም ጊዜ አዩ። ሉዊዝ የምትባል ቦኖቦ እህቷን ካየች 26 ዓመት አልፏት ነበር። በመጠለያ ውስጥ ጓደኛው የሞተበት ወይም የተዛወረበት ቺምፓንዚ ብዙ ነው። የተንከባካቢዎቹ ማስታወሻ እዚህ ወርቅ ይሆናል።

*ካሜራና ኮምፒውተር።* ቦሱ ውስጥ ለ14 ዓመት ከተቀረጸ ቪዲዮ 50 ሰዓቱን ወስደው ፊት እንዲለይ ያስተማሩት ፕሮግራም 23 እንስሳትን በ92 በመቶ ገደማ ትክክል ለየ፤ 2019 ላይ ነው የታተመው። ሰው ወራት የሚፈጅበትን ቆጠራ ማሽን በቀናት ይሰራዋል። መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠገቡ የድሮ ካሴቶች ካሉ ዛሬ ጥናት ይሆናሉ።

ዩጋንዳ መሄድ ያልቻለም ባዶ እጁን አይቀርም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ በዱር የትም የለም። ስሜንና ጓሳ ላይ ማን ማንን አየ፣ ማን ከማን ተማረ የሚሉትን ጥያቄዎች ከቺምፓንዚ ሥራ በተማራችሁት ጥንቃቄ መጠየቅ ይቻላል።

ደረጃ 10፦ ማታ ማታ የምትጽፉት

የቀኑ ሙከራ ሲያልቅ ሳትተኙ ጻፉ። ውጤቱ ቪዲዮው ላይ አለ፣ እሱ አይጠፋም። የሚጠፋው ሌላው ነው። ማን መምጣት እንዳልፈለገ። ማን መጥቶ በአራተኛው ዙር ትቶ እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት፣ ከመሄዱ በፊት ውጭ ጩኸት ተሰምቶ እንደሆነ። ዘወትር ሙከራ የሚመጡት ደፋሮቹ ብቻ ከሆኑ ጥናታችሁ የደፋሮቹ ጥናት ነው፣ ይህን የምታውቁት ደግሞ የቀሩትን ከጻፋችሁ ብቻ ነው።

ቪዲዮውን ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠረው። ሁለተኛው መላምታችሁን የማያውቅ ይሁን። ጥሬ መረጃውን ከነወደቁት ዙሮች አውጡት፣ ሌላ ቦታ ያለ ተማሪ የናንተን ኩባያና የናንተን ቅደም ተከተል ይዞ እንዲደግመው። አንድ ቅጂ ደግሞ ለመጠለያው ይቅር። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተመራማሪ እነዚያኑ ቺምፓንዚዎች ነው የሚያገኘው፤ ምን እንደለመዱና ምን ተጠይቀው እንደነበር ከዚያ ያነባል።